ሳማና አሉማ ለክረምት ገበታ

በገራዶና በአካባቢው ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚሳሳባቸው ወራት ናቸው። የመኸሩ እህል ገና በማሳ ላይ ነው፤ በልጉ ያልያዘለት ቤተሰብ ደግሞ ከገበያ ሸምቶ ይበላል። በዚሁ ጊዜ በአጥር ሥር፣ በበረት ዙሪያና በማሳ ዳር ማንም ያልዘራው ቅጠል በብዛት ይበቅላል። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል ሳማንና አሉማን ቤተሰብ እንዴት እንደሚለቅማቸውና እንደሚያበስላቸው እናስረዳለን።

ብዙ ሰው ሳማን የችግር ምግብ ነው ብሎ ይንቀዋል። ምክንያት የለውም አንልም፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በወሎ ብዙ ቤተሰብ የዱር ቅጠል እየቀቀለ ነፍሱን ለማቆየት ታግሏል። በመስከረም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» መባሉም ሰው በጎመን ብቻ ክረምቱን መግፋት እንደሚሰለቸው ያሳያል። ነገር ግን ቅጠል የማይበቃው ብቻውን ሲበላ ነው። ከእህልና ከጥራጥሬ ጋር ሲበላ ካልሲየም፣ ብረትና ለዓይን የሚረዳውን የቫይታሚን ኤ መሠረት ይጨምራል። ስለዚህ ጎተራው እስኪራቆት ሳይጠበቅ፣ እህል እያለ ከእህሉ ጋር መብላት ይጀመር። በፈረንሳይ አገር ዳንዴሊዮን የተባለ ቢጫ አበባ ያለው አረም ለጋ ቅጠሉ በሰላጣ ይበላል፤ ማንም አያፍርበትም።

በደጋችን የሚበላው ሳማ የኢትዮጵያ ብቻ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኧርቲካ ሲሜንሲስ ሲሆን የሰሜንን ተራሮች ስም ይዟል። ከማበቡ በፊት የጫፉ ለጋ ቅጠል ብቻ ይቀነጠሳል። እጅን በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ያስፈልጋል። ይህ የአዋቂ ሥራ ነው።

አሉማን (በአንዳንድ ቦታ ልሽልሾ ይሉታል) ልጆች ሊለቅሙ ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን እናት ወይም አያት አብረው መሆን አለባቸው፤ በዚያው ፍግ ላይ አስተናግርም ይበቅላልና። የአስተናግር ቅጠል ጠርዙ የተቆራረጠ ነው፤ ሲታሽም መጥፎ ሽታ ያወጣል፤ ሲያድግ ነጭ የጥሩንባ ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃማ ፍሬ ይይዛል። የአሉማ ቅጠል ጠርዝ ግን ልሙጥ ነው፤ ያን የመሰለ ሽታም የለውም። ልጆች ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው ይልመዱ፤ የለቀሙትም ድስት ከመግባቱ በፊት ቅጠል በቅጠል ይታይ። አስተናግር የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል። በቤት መድኃኒት ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የተረፈውንም ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ። ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ፣ እንዲሁም የከተማ ቆሻሻ ውሃ ከሚወርድበት ቦይ ዳር ምንም ቅጠል አትልቀሙ።

ሳማው በውሃ ውስጥ በእንጨት እየተማሰለ ይታጠብና በጥቂት ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀቀላል። ሲበስል መለብለቡ ይጠፋል፤ መጠኑም በጣም ስለሚሟሽሽ አንድ ድስት ሙሉ ጥሬ ቅጠል ብዙ አይደለም። ከዚያ በማማሰያ ይደቆሳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት ተደርጎ፣ ሳማው ይጨመርና ሁለት ማንኪያ ሽሮ ይነሰነስበታል። ቃሪያና ጨው ተጨምሮ በእንጀራ ይበላል፤ ለፍልሰታ ጾምም ይስማማል። ዘይቱ ቢያንስም አይቅር፤ ሰውነት የቫይታሚን ኤ መሠረቱን የሚወስደው በቅባት ነው። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን በደንብ የላመው ሳማ፣ ቃሪያና ጨው ሳይገባበት፣ በገንፎው ላይ ይጨመርለት።

አሉማ ለ5 ደቂቃ ያህል ከተቀቀለ በኋላ ውሃው ይደፋል፤ ካልሲየምን የሚይዘው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ከውሃው ጋር ይቀንሳልና። ከዚያ እንደ ጎመን ይሠራል። በሁለቱም ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት ብረቱ ለሰውነት ይበልጥ ይውላል። ቡና ግን ይህን ብረት ያግዳል። ወሎ ላይ ከምግብ በኋላ ቡና አይፈላ ማለት እንደማይቻል እናውቃለን፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ግን ይረዳል።

ሳማው ሥሩ ሳይነቀል ጫፉ ብቻ ከተቀነጠሰ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከዚያው ቦታ በክረምቱ ደጋግሞ መልቀም ይቻላል።