ሕመምተኛን በቤት ስለ ማስታመምና አስታማሚን መርምሮ ስለ መምረጥ

ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የተመለሰ ሕመምተኛ ሁሉ ፈጽሞ ድኖ የተመለሰ አይደለም። አንዳንዱ በሐኪም ቤት ሊደረግለት የሚገባው ስለ ተፈጸመ፥ አንዳንዱ የአልጋውን ሒሳብ ለመክፈል ዐቅም ስላጠረው፥ አንዳንዱም በዘመዶቹ መካከል መሆንን ስለ መረጠ ይመለሳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ደኅንነቱ የሚጠበቀው በሐኪሙ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ሌትና ቀን ከአልጋው አጠገብ በሚገኘው ሰው እጅ ጭምር ነው። ይህ ሰው የቤተ ዘመድ ወገን ወይም በክፍያ የመጣ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚያውቅና ምን እንዲሠራ እንደ ተጠራ ሳይጠይቁ ወደ ቤት ማስገባት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ። ለአንባብያን ይጠቅም እንደ ሆነ በማለትም ይህን ጽፌአለሁ።

በአንድ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ ሥራዎች

በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የቤት ለቤት ሕክምና የሚሰጡ ድርጅቶችና ባለሙያዎች ይገኛሉ። ነገር ግን በዚህ በአንድ ስም የሚጠሩት ሥራዎች አንድ ዐይነት እንዳልሆኑ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

አንደኛው የነርስ ሥራ ነው። ቁስል ማጠብና ማሸግ፥ በሐኪም የታዘዘውን መርፌ መውጋት፥ የሽንት ቱቦ መለወጥ፥ የደም ግፊትንና የስኳርን መጠን ለክቶ መመዝገብ የዚህ ክፍል ናቸው። ይህን ሊሠራ የሚገባው በሙያው ተምሮ የሙያ ፈቃድ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው የፊዚዮቴራፒ ሥራ ሲሆን፥ ከስትሮክ ወይም ከአጥንት ስብራት በኋላ የደከመው እጅና እግር ኀይሉን እንዲያገኝ በሥርዐት ማንቀሳቀስ ነው። ይህም የራሱ የሆነ ትምህርትና ፈቃድ አለው።

ሦስተኛው የማስታመም ሥራ ነው። ገላ ማጠብ፥ መመገብ፥ ልብስ መለወጥ፥ ከአልጋ ማንሣትና ጎን ማገላበጥ በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ያየዋል። ሆኖም የአልጋ ቁራኛ የሆነውን ሰው በሕይወት የሚያቈየው፥ ከመርፌው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይኸው የተናቀው ሥራ ነው።

ከእነዚህም ሌላ፥ የማይድን ሕመም የያዘውን ሰው ሥቃይ ማስታገስና ቤተ ሰቡን ማጽናናት የሚባል አገልግሎት አለ። የመዳን ተስፋ ሲቀንስ የማስታመም ፋይዳ አይቀንስም፤ ይልቁንም ይጨምራል።

ከሊቨርፑል የተገኘ ትምህርት

በእንግሊዝ አገር በተማርኩባት በሊቨርፑል ከተማ፥ ሕመምተኛን በየቤቱ እየዞሩ ማስታመም እንዴት በባለሙያ እጅ እንደ ገባ የሚነገር ታሪክ አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዊልያም ራትቦን የተባለው ነጋዴ ሚስቱ በጠና በታመመች ጊዜ ሜሪ ሮቢንሰን የምትባል ነርስ ቀጥሮ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነርሲቱ በከተማዪቱ የሚገኙትን ድኾች በየቤታቸው እንድታስታምም ለሦስት ወር ቀጠራት። ባየችው ችግር ብዛት ልቧ ተሰብሮ በመጀመሪያው ወር ሥራውን ልትተው ብትጠይቅም፥ አበረታትቶ አቈያት። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የሥራዋ ፍሬ ጎልቶ ስለ ታየ ራትቦን አገልግሎቱን ለማስፋት ተነሣ። ነገር ግን ለዚህ የሚበቁ የሠለጠኑ ነርሶች አልተገኙም። ስለዚህ ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ጋር ተማክሮ በ1862 በሊቨርፑል የነርሶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገ። ከተማዪቱም በ18 ቀበሌ ተከፍላ ለየቀበሌው ነርስ ተመደበ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ለሕመምተኛ ማዘን ብቻውን እንደማይበቃና ርኅራኄ ከትምህርት ጋር መጣመር እንዳለበት ነው።

በአገራችንም በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን እያሠለጠነ አወጣ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ሠራተኞቹን እስከ መኖሪያ ቤት ደጃፍ አደረሰ። ሆኖም የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዋና ተግባር በሽታን መከላከልና ማስተማር ስለሆነ፥ አልጋ ላይ የዋለውን ሰው በየቀኑ ማስታመም የቤተ ሰቡና ቤተ ሰቡ የሚመርጠው ባለሙያ ኀላፊነት ሆኖ ይቀራል።

በገዛ ቤቴ የደረሰው

በ2011 ዓ.ም. አባቴ በስትሮክ ተመትቶ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ከሆስፒታል በወጣ ጊዜ እኔ በሥራ ምክንያት በሌላ ከተማ ስለ ነበርኩ፥ አንድ የቅርብ ወዳጅ አስታማሚ ፈልጎ አመጣልን። ሰውዬው ነጭ ካፖርት የለበሰ፥ የደም ግፊት መለኪያ የያዘ፥ አነጋገሩ የታረመ ነበር። ቅዳሜ መጥቼ ሰላምታ በተለዋወጥን ጊዜ የሙያ ፈቃዱን ልጠይቀው አሰብኩ፤ ነገር ግን ሽማግሌው ወዳጃችን አጠገባችን ተቀምጠው ስለ ነበር ማፈር ያዘኝ። እናቴም ቡና አፍልታ እንደ እንግዳ አስተናገደችው። ሳልጠይቀው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በየማለዳው እየመጣ ግፊት ይለካል፥ መርፌ ይወጋል፥ ይሄዳል። የጻፈው ማስታወሻ አልነበረም። አባቴ ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊቱንም እንዲሁ ያድራል። ጎኑን አገላብጡት ብሎ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። በዘጠነኛው ቀን እናቴ መጥፎ ሽታ ሸትቷት አንሶላውን ብትገልጠው፥ ከወገቡ በታች የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቁስል አገኘች። በኋላ ሲጣራ ሰውዬው በመድኃኒት መሸጫ ቤት ጥቂት ጊዜ ያገለገለ እንጂ የነርስነት ትምህርት የተማረ አልነበረም።

ቁስሉ እስኪሽር ድረስ አምስት ወር ፈጀ። አባቴ በቁስሉ ሲሠቃይ ያየሁት እኔ፥ ለሌሎች ሰዎች ስለ ጤና የማስተምር ሰው ነኝ። ዕውቀቱ አላነሰኝም፤ ያነሰኝ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ድፍረት ነበር።

ይሉኝታ በሽተኛ አይጠብቅም

ወደ ቤታችን የመጣን ሰው ማክበር መልካም ልማዳችን ነው። በተለይም የመጣው ሽማግሌ በላከው መንገድ ከሆነ መጠየቅ እንደ ስድብ ይቈጠርብናል። ነገር ግን ሠራተኛ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቃለን፤ ከብት ስንገዛ ጥርሱን እናያለን። አባታችንን ወይም እናታችንን በእጁ ለምናስረክበው ሰው ይህን ያህል ጥንቃቄ መንፈግ ምን ዐይነት አክብሮት ነው? በሙያው የሚተማመን ነርስ ሲጠየቅ አይቈጣም፤ ፈቃዱን ራሱ አውጥቶ ያሳያል። ሲጠየቅ የሚቈጣውን ሰው ቍጣው ራሱ መልስ ነውና በሰላም ማሰናበት ይገባል።

ስለዚህ ከመስማማት በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ የሙያ ፈቃድህን አሳየን ማለት። ስሙንና የሙያውን ዐይነት፥ የፈቃዱም ጊዜ ያላለፈ መሆኑን አንብቦ ማረጋገጥ። በድርጅት ስም የመጣ ከሆነ የድርጅቱም ፈቃድ ይታያል፤ ጥርጣሬ ሲኖር የከተማውን የጤና ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቻላል።

2ኛ/ ከሆስፒታል የተሰጠውን የመውጫ ወረቀት ሰጥቶ፥ ምን ምን እንደሚሠራ በቃሉ እንዲያስረዳ ማድረግ። ወረቀቱን ሳያነብ ሥራ የሚጀምር ሰው አይታመንም።

3ኛ/ የሕመምተኛው ሁኔታ ቢለወጥ ከየትኛው ሐኪም ጋር እንደሚማከር መጠየቅ። ብቻውን የሚወስንና ሐኪም ያላዘዘውን መርፌ የሚወጋ አደገኛ ነው።

4ኛ/ እርሱ በታመመ ወይም በቀረ ቀን ማን እንደሚተካው ማወቅ።

5ኛ/ ክፍያው በቀን፥ በሰዓት ወይስ በምልልስ እንደሚታሰብ፥ ጓንትና ፋሻን የመሳሰለውን ማን እንደሚገዛ በጽሑፍ መስማማት።

በመጀመሪያው ቀን የሚታይ ምልክት

ወረቀት ከታየ በኋላ እጅ ይታያል። በሊቨርፑል ከነርሶች ጋር ወደየቤቱ ስሄድ በመጀመሪያ ያስተዋልኩት፥ ነርሲቱ ሕመምተኛውን ከመንካቷ በፊት ውሃና ሳሙና መጠየቋን ነበር። እጅን በሳሙና አዳርሶ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል፤ ጣት አርጥቦ መጥረግ መታጠብ አይባልም። መርፌው ከታሸገበት ወረቀት በሕመምተኛው ፊት ተከፍቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጋበታል፤ ከዚያም ክዳኑ ሳይመለስበት ወዲያውኑ ሊበሳ በማይችል ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይጣላል። በመጨረሻም የተሠራው ሥራ፥ የተለካው መጠንና ሰዓቱ በቤቱ በሚቀመጥ ደብተር ላይ ይጻፋል። ሐኪም በሌላ ቀን ሲመጣ እውነተኛውን ነገር የሚያገኘው ከዚህ ደብተር ነው።

ስለ አልጋ ቁስል

አንድ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ያለው ሥጋ ይጨመቃል፤ ደም ስለማይደርሰውም ይሞታል። ይህ በይበልጥ የሚደርሰው በወገብ ግርጌ፥ በዳሌ፥ በተረከዝና በቍርጭምጭሚት ላይ ነው። መነሻው በቆዳ ላይ የሚታይ ቅላት ነው። በጠቈረ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል፥ ከሌላው ቦታ ይልቅ የጠቈረውን፥ የሞቀውን ወይም የጠጠረውን ቦታ በእጅ ዳስሶ መለየት ያስፈልጋል።

መከላከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መገላበጥ የማይችለውን ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መለወጥ፥ በጕልበቶቹ መካከል ትራስ ማድረግ፥ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ደግፎ ማንሣት፥ ሽንትና ላብ የነካውን ወዲያው አጥቦ ማድረቅ፥ እንቍላልና ጥራጥሬን የመሰለ ገንቢ ምግብ መስጠት ነው። የቀላውን ቦታ ማሸት ጉዳቱን ያብሳል። በክብ የተሠራ ቀለበት መሰል መቀመጫም ደም ስለሚያግድ አይጠቅምም።

በኋላ ለአባቴ የመጣችው ነርስ ፈቃዷን ሳንጠይቃት አሳየችን፤ እጇን ታጠበች፤ ከዚያም ለእናቴ የመገላበጡን ዘዴ አስተማረቻት። በግድግዳው ላይ ሰዓቱንና ጎኑን የሚያሳይ ወረቀት ለጠፈች። ታናሽ እኅቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በተራዋ ምልክት ታደርግበት ነበር። ቁስሉን ያሻረው የነርሲቱ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ያ ወረቀትም ጭምር ነው።

የቤተ ሰቡ ግዴታ

ባለሙያው ግዴታ እንዳለበት ሁሉ ቤተ ሰቡም ግዴታ አለበት። ነርስን ወይም አስታማሚን ልብስ እጠቢ፥ ወጥ ሥሪ ብሎ ከሥራዋ ማዘናጋት አይገባም። ክብሯንና ደኅንነቷን መጠበቅ፥ ደመወዟን በቀኑ መክፈል ያስፈልጋል። ለሕመምተኛው የሚሰጠውን የባህል መድኃኒት ከእርሷ መደበቅ ደግሞ ከታዘዘው መድኃኒት ጋር ተጣልቶ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በቤት ሊታከም የማይገባ አደጋ መኖሩንም ማወቅ ግድ ነው። ፊት በድንገት ቢጣመም፥ አንድ እጅ ቢዝል፥ አነጋገር ቢኰላተፍ፥ ትንፋሽ ቢያጥር፥ ደም አልቆም ቢል ወይም ሕመምተኛው ራሱን ቢስት፥ ነርሲቱ እስክትመጣ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። የአምቡላንስ ስልክ ቍጥር ከአልጋው በላይ በጕልህ ተጽፎ ይቀመጥ።

በመጨረሻም ለመምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በብዙ ቤቶች የመድኃኒቱን ወረቀት የሚያነበው ተማሪው ልጅ ነው። እጅ መታጠብን፥ ሰዓት ቈጥሮ ማገላበጥንና ፈቃድ አንብቦ መለየትን በክፍል ውስጥ ያስተማራችሁት ልጅ፥ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በአያቱ አልጋ አጠገብ ይጠቀምበታል። ትልልቆቹ አፍረን ያልጠየቅነውን ጥያቄ ምናልባት እርሱ ሊጠይቀው ይችላል፤ በጠየቀም ጊዜ ዝም በል አንበለው።