የየት አገር ቡና ነው? ከጣሊያን ኤስፕሬሶ የወሰድነውና የተውነው



ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ስትሄዱ በየካፌው «ነጣ ያለ ማኪያቶ»፣ «ጠቆር ያለ ማኪያቶ» ሲታዘዝ ትሰማላችሁ። «ማኪያቶ» በጣሊያንኛ ነቁጥ ያረፈበት ማለት ነው፤ በጥቂት ወተት የተነካ ቡና። የፒያሳው ቶሞካም ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» የሚል የጣሊያንኛ ሐረግ አሕጽሮት ነው። ለመሆኑ ከጣሊያኖች ምን ወሰድን? ምንስ ተውን?

የወሰድነው ማሽኑን ነው። ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 ሚላኖ ላይ ያስመዘገበው ማሽን በእንፋሎት ይሠራ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጃ በማንሻ የሚሠራውን ሲያወጣ ግፊቱ ጨመረ፤ በቡናው ላይ የሚሰፍረው ወርቃማ አረፋም ተገኘ። የተለመደው ልክ ለአንድ ስኒ 7 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና፣ 9 ባር ግፊትና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ነው። አፈጫጩ ከሻከረ ውኃው ቶሎ ያልፍና ቡናው ቀጥኖ ይኮመጥጣል፤ ከመጠን በላይ ከላመ ደግሞ ውኃው ይዘገይና ይመርራል። ጥሩ ባለሙያ ወፍጮውን በየዕለቱ የሚያስተካክለው ለዚህ ነው።

የተውነው አካባቢን በስሙ መጥራትን ነው። የጣሊያን ምግብ የየአካባቢው ምግብ ነው፤ ከበሶብላ ዘመድ ቅጠል የሚሠራው ፔስቶ የጄኖቫ፣ ራጉ የቦሎኛ፣ ፒሳ የናፖሊ ነው። ቡናውን እንኳ ሰሜኑ ቀለል፣ ደቡቡ ጠቆር አድርጎ ይቆላል።

እኛ ዘንድ የይርጋ ጨፌ፣ የሐረርና የሊሙ ጣዕም የተለያየ ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉት ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲታወቁላት ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። በአብዛኞቹ ካፌዎቻችን ግን ስኒው ስም የለውም። የላኪ ደረጃ ያሟላው ቡና ወደ ውጭ ስለሚሄድ ለአገር ውስጥ የሚተርፈው በአብዛኛው ከደረጃ በታች የሆነው ነው። አጥቁሮ መቁላት ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ወተትና ስኳር የቀረውን ይሸፍናሉ። ማሽኑ ግን በፍሬው ውስጥ ያለውን ያወጣል እንጂ የሌለውን አይጨምርም።

እናቶቻችን ቡናውን ከመቁላታቸው በፊት ይለቅሙታል። ሙያው የሚጀምረው ከዚያ ነው። እኛም ማኪያቶ ስናዝ ነጣ ወይም ጠቆር ከማለታችን በፊት «የየት አገር ቡና ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጠያቂ ሲበዛ ቆዪውም ባለካፌውም መልስ ማዘጋጀት ይጀምራል።