ስለ አዋሽ የባቡር ድልድይና ስለ ጭነት ውል

ክቡራን ነጋድያን፤ የባቡር ሐዲድ በአምቦም ሆነ በጉደር በኩል እንደማያልፍ ሁላችን እናውቃለን። ይሁን እንጂ በዚህ አውራጃ ባለሱቁ የሚሸጠው ቆርቆሮና ጨርቅ፤ ላኪውም ወደ አዲስ አበባ የሚያወርደው ቡና፤ ለብዙ ዘመን በሩቅ ባለ በአንድ ድልድይ ላይ የተመካ ነበር። ይኸውም የአዋሽ የባቡር ድልድይ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ኩባንያው በገንዘብ ችግር ስለ ተሰናከለ ሥራው ለዓመታት ከቆመ በኋላ፤ በሌላ ኩባንያ ተቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፤ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

አዋሽ በዚያ ሥፍራ የሚፈሰው ጥልቅ በሆነ ገደል ውስጥ ነው። መንገዱም ባለ አንድ ሐዲድ ስለ ነበረ፤ ካሚዮን ሲቸግረው ጥግ ይዞ እንደሚያልፈው፤ ባቡር የሚዞርበት ሌላ መሻገሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ድልድዩ የመስመሩ ሁሉ ጉሮሮ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ወታደርም ያውቀዋል፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሲሸሽ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ መንቀል አላስፈለገውም፤ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰ። በኋላ ተጠግኖ ባቡሩ እንደገና ሄደ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. የደረሰው ነው። በአዋሽ አጠገብ ባቡሩ በኩርባ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣና ወደ ገደል ወደቀ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ድልድይ ሳይሰበርም ጥፋት ይሆናል ማለት ነው።

ዛሬ የጅቡቲን ጭነት የሚያመላልሰው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ ባቡር ነው። አሮጌው ሐዲድ ከዚህ ሥራ ወጥቷል።

የኔ ሥራ ደረሰኝና ውል መያዝ ስለ ሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአሠሪዬ ዕቃ መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ተበላሽቶ ለሳምንታት ተያዘ። አጓጓዡ የመጋዘን ኪራይ ጠየቀ፤ በውሉ ውስጥ መንገድ ሲዘጋ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል አልተጻፈም ነበርና አሠሪዬ ከፈሉ። ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ቢቋረጥ ዕቃው የት እንደሚራገፍ፤ ኪራዩ በማን ላይ እንደሚወድቅ፤ ኢንሹራንሱም በመዘግየት ለሚበላሸው ዕቃ ይከፍል እንደሆነ፤ በየውሉ ሳላስጽፍ አልተውም። ቅቤና በርበሬ የሚነግድ ሰው የመጨረሻውን ከሁሉ በፊት ይጠይቅ።

በባቡር ዕቅድ ውስጥ ከአዲስ አበባ በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ፤ ከኢጃጂም ወደ ነቀምቴ የሚዘረጉ መስመሮች ተጠቅሰው ነበር። ኢጃጂ የኛው የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። መስመሮቹ ግን አልተሠሩም፤ የአምቦ ጭነት እስከ አዲስ አበባ የሚሄደው አሁንም በካሚዮን ነው።