የውሻ ጥርስ የጌታው ዕዳ ነው

ቤት የሚጠብቅ ውሻ ማሳደግ በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። ከአንኮበር ተራራ በታች፣ በአሊዩ አምባና በይፋት ቈላ፣ ሌሊት ጅብ ከበረት እንዳይገባ፣ ቀንም ዝንጀሮና ከርከሮ ማሽላውን እንዳያጠፉ የሚከላከል ውሻ ነው። ስለዚህ ውሻ ያሳደገ ሰው ለቤቱ አሳቢ ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለጌታው ጠባቂ የሆነው ይኸው ውሻ ለመንገደኛና ለጎረቤት ልጅ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የቤት አባትና የቤት እመቤት ሕጉ ከእነርሱ ምን እንደሚፈልግ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት ታላቅ ገበያ ነበር። ዐማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሬው በዚያ ይገናኙ ነበር። ገበያ ባለበት ስፍራ ሁሉ እንግዳ አይጠፋም፤ ውሻ ደግሞ የሚያውቀው የቤቱን ሰው ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ ጥንቁቅ ሰው ውሻውን ቀን ቀን በሰንሰለት አስሮ ይኖራል። በገበያ ቀን የሰንሰለቱ ችካል ተነቀለና ውሻው ወጥቶ ከእናቱ ጋራ የሚያልፈውን ሕፃን እግሩን ነከሰው። ባለቤቱ ደንግጦ፥ «እኔ አስሬው ነበር፤ ከዚህ በፊትም ማንንም ነክሶ አያውቅም» ቢል ከዕዳ ይድናልን? አይድንም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 እንደሚደነግገው፣ እንስሳው ከእጁ ያመለጠ ቢሆን፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው በራሱ ጥፋት ሲሆን ግን ኀላፊነቱ ይቀርለታል ወይም ይቀንስለታል።

በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን የሚያስታውስ አንባቢ ልዩነቱን ያስተውላል። በዚያ የበሬው ጌታ አስቀድሞ ተዋጊነቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ይጠየቃል፤ ሳያውቅ ከሆነ ግን ንጹሕ ነው። የዛሬው ሕጋችን ግን ለካሣው ጊዜ ማስጠንቀቂያን አይጠብቅም።

«ታዲያ ይህ በጥንቁቁ ሰው ላይ አልከበደምን?» የሚል ይኖራል። በእውነት ከባድ ነው። ሆኖም ሕጉ በዚህ ስፍራ የሚጠይቀው ማን ክፉ ነው ብሎ ሳይሆን የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸከም ብሎ ነው። ከውሻው ጥቅም ያላገኘው ሕፃን ይሸከም ወይስ በጩኸቱ ተማምኖ የሚያድረው ጌታ? እንዲህ ሲጠየቅ መልሱ ግልጽ ነው። የጥንቃቄ ዋጋ የሚገኘው ከጉዳት በኋላ በክርክር ሳይሆን ከጉዳት በፊት ጉዳቱን በማስቀረት ነው።

በሌላ አገር ያለውንም ብንመለከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአደገኛ ውሾች ሕግ ፒት ቡልን ጨምሮ አራት ዐይነት ውሾችን በስም ለይቶ ከለከለ፤ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2024 ጀምሮም በእንግሊዝና በዌልስ ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለውን ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ ተከልክሏል። በዚህ ምክንያት ማንንም ያልነካ ውሻ ያለው ሰው እንኳ በውሻው መልክ ብቻ ብዙ ግዴታ ወደቀበት። ኔዘርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዲህ ያለ ክልከላ ካወጣች በኋላ በ2008 ሽራዋለች። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የውሻን ዘር አይመረምርም፤ የሚመለከተው የደረሰውን ጉዳት ነው። ለጥንቁቅ ባለቤት ይህ ቀላል ምሕረት አይደለም፤ ገራም ውሻው በአፍንጫው ቅርጽ አይኰነንበትምና።

ከካሣው የሚከፋ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ሁሉ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶው 99 የሚሆኑት በውሻ የተነከሱ ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን በአንድ ሕፃን ላይ ሞክሮ ካዳነው ወዲህ ግን፣ በጊዜ የታከመ ሰው ይድናል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ፣ ወይም በሥር ማሽ ተማምኖ ሳምንታት ማሳለፍ፣ ሕይወትን ማጥፋት ነው።

ውሻን ለቆ ማሳደርም ሌላ ጉዳት አለው። በብዙ ከተሞች ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ ሥጋ ማጥፋት የተለመደ ሥራ ሆኖ ቈይቷል፤ መርዝ ደግሞ ባለቤት ያለውን ከሌለው አይለይም። ጠቢባን የሚመሰክሩት ግን በሽታውን የሚያቆመው መግደል ሳይሆን ከመቶው ውሻ 70ውን መከተብ መሆኑን ነው።

ስለ ጎረቤትም አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎች የእስልምና ሊቃውንት ለአደንና ለጥበቃ ውሻ መያዝን ቢፈቅዱም ምራቁን ርኩስ ይሉታል። ስለዚህ ወደ ጸሎት የሚሄደውን ሙስሊም ጎረቤት ልብሱን የላሰ ውሻ፣ ባይነክስም አስቸግሮታል። ስለዚህ ነገር ዳኛ ባይጠይቀን ጉርብትና ይጠይቀናል።

እንግዲህ የቤት አባት ሆይ፣ ችካሉን ዛሬ ነቅንቀህ ፈትን፤ የአጥሩንም ቀዳዳ ድፈን። ውሻህን በየዓመቱ አስከትብ፤ የክትባቱንም ወረቀት ከቤትህ ሰነድ ጋራ አስቀምጥ። የቤት እመቤት ሆይ፣ ልጆችሽ የሚበላን ውሻ እንዳይነኩ፣ የሰው ውሻም በድንጋይ እንዳያስቈጡ አስተምሪ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ላበላው ታማኝ ነውና። ያበላው ሰውም በበኩሉ ስለ ውሻው ለጎረቤቱ ታማኝ ሊሆን ይገባዋል።