ከውቅያኖስ የተወለደ መሠረት፦ የሰሜን ኢትዮጵያ ቅድመ ካምብሪያን አለቶች

ትግራይን የሚያቋርጥ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው በቀያዮቹ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ላይ ነው። ከገደሎቹ ሥር ግን፣ በነጋሽና በተምቤን ሸለቆዎች፣ አረንጓዴና ግራጫ ድንጋዮች ብቅ ይላሉ። የላይኞቹ ንብርብሮች ተጋድመው ሲተኙ የታችኞቹ ተጣጥፈዋል፤ አንዳንድ ቦታም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጂኦሎጂስቶች የመሠረት አለት የሚሏቸው እነዚህን ነው።

«ጥንታዊ» ሲባል ብዙ ሰው ከምድር ጋር አብረው የተፈጠሩ ይመስሉታል። አይደሉም። የምድር ዕድሜ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሲሆን የሰሜን ኢትዮጵያ የመሠረት አለቶች በአብዛኛው ከ850 እስከ 600 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ የተፈጠሩ ናቸው። በቅድመ ካምብሪያን ዘመን ሚዛን የመጨረሻዎቹ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። የሚያስደንቀው አመጣጣቸው ነው።

በዚያ ዘመን አካባቢው አህጉር አልነበረም። የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የሚባል፣ ዛሬ ከነጭራሹ የጠፋ ባሕር ነበር። የውቅያኖሱ ወለል ወደ ምድር ውስጥ ሲሰምጥ በላዩ እንደ ዛሬዎቹ ማሪያና እና ቶንጋ ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተደረደሩ። ደሴቶቹ የተፉት ላቫና አመድ ዛሬ የፃልየት ቡድን በሚባለው አለት ውስጥ ይገኛል፤ አረንጓዴ ቀለሙም በሙቀትና በግፊት ብዛት ከተፈጠሩት ከክሎራይትና ከኤፒዶት ማዕድናት የመጣ ነው። የኬሚስትሪ ምርመራ እንደሚያሳየው ቅላጩ ከማንትል በቀጥታ የወጣ እንጂ የቀድሞ አህጉር ቀልጦ የሰጠው አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ነው ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከኤርትራ እስከ ሰሜን ኢትዮጵያ፣ ከባሕር ማዶም እስከ ምዕራብ ዓረቢያ የሚዘረጋው የዓረቢያ-ኑቢያ ጋሻ በምድር ላይ ካሉት ትላልቅ «አዲስ» ቅርፊቶች አንዱ የሚባለው።

ይህ መረዳት በአንድ ጊዜ አልመጣም። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ በመንገዱ ያያቸውን አለቶች መዝግቦ የአዲግራትን አሸዋ ድንጋይና የአንታሎን ኖራ ድንጋይ ለይቶ ሰየመ። በ1970ዎቹ ጂኦሎጂስቱ ካዝሚንና የኢትዮጵያ ባልደረቦቹ የአገሪቱን የመሠረት አለት የታችኛ፣ የመካከለኛና የላይኛ ብለው ከፈሉት፤ በሙቀትና በግፊት አብዝቶ የተለወጠው እጅግ ያረጀ ነው የሚል ግምት ነበረው። ዚርኮን በሚባለው ጥቃቅን ማዕድን ውስጥ ዩራኒየም ወደ እርሳስ መለወጡን መለካት ሲቻል ግን ያረጁ ከተባሉት ግናይሶች ብዙዎቹ የዚያው የኋለኛ ዘመን ልጆች ሆነው ተገኙ። ብዙ የተቃጠለ ሁሉ ብዙ የኖረ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የዓለምን ተመራማሪዎች ወደ ትግራይ የሳበው ከደሴቶቹ አለት በላይ የተኛው የተምቤን ቡድን ነው። የሰሌዳ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ንብርብር ሲሆን ጥልቀት በሌለው ባሕር የረጋ ነው። በላይኛው ጫፍ፣ ነጋሽ ላይ፣ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጠጠሮችና ቋጥኞች በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ይህም የበረዶ ግግር አሻራ ነው። ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጀመረው የስተርቲያን ዘመን ምድር እስከ ወገብዋ ድረስ በበረዶ የተሸፈነችበት ነው ይባላል። በብዙ አገር ይህ ምልክት አለ፤ ተምቤን የሚለየው በንብርብሮቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ስላለው ነው። አመዱ ዚርኮን አለው፣ ዚርኮኑም ቀን ይሰጣል።

በ2018 የታተመ ጥናት ከዚህ አመድ ተነሥቶ አንድ የቆየ ጥያቄ መለሰ። በኖራ ድንጋዮች ውስጥ የሚታየው ትልቁ የካርቦን መዛባት ለበረዶው መነሻ ነው ተብሎ ነበር። ቀኑ ሲለካ መዛባቱ 735 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከበረዶው በ18 ሚሊዮን ዓመት ይቀድማል። ቀጥተኛ ምክንያት የመሆን ዕድሉ በዚህ ተዳከመ። በምትኩ አንዳንድ ተመራማሪዎች ጣታቸውን በእሳተ ገሞራ ደሴቶቹ ላይ ቀስረዋል፦ በሞቃትና ዝናባማ አካባቢ የተነሡ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ሲሸረሸሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይስባሉ፣ ምድርም ትቀዘቅዛለች። መላምት ነው፤ ለእኔ ግን አሳማኝ ነው።

ከዚያ ውቅያኖሱ ተዘጋ። የምሥራቅና የምዕራብ ጎንድዋና ሲጋጩ ደሴቶቹ እርስ በርስ ተላተሙ፣ ንብርብሩም የታጠፈው በዚያ ግፊት ነው። ነጋሽና ማይ ቅነጣል ወደ ታች ከታጠፉት መካከል ናቸው። ከ610 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግራናይት ገብቶባቸው ቀዘቀዘ። ተራሮቹን ዘመን ላጫቸው፤ የእንትጮ አሸዋ ድንጋይ በተላጨው ላይ ተኛ። በሁለቱ መካከል የጠፋው ዘመን ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው።

የግጭቱ ስፌት በኤርትራ ጎልቶ ይታያል። የነቅፋ ክፍል የሚባለው ቅርፊት ወደ ትግራይ ይዘልቃል፤ በምዕራብ ኤርትራ ደግሞ በጥንቱ የባሕር ወለል ላይ ሙቅ ውኃ ያጠራቀመው ወርቅ፣ መዳብና ዚንክ ቢሻ ላይ ከ2011 ጀምሮ ሲወጣ ቆይቷል። በሽሬ አካባቢ የሚታፈሰው ወርቅም የዚሁ አለት ልጅ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ቀይ ባሕር እየተከፈተ ጋሻውን ለሁለት ስለሰነጠቀው የወርቅ ፈላጊው ካርታ ዛሬ በሁለቱም ዳርቻዎች ይሠራል።