ሰባ ደረጃና አንቀጽ 36

ፒያሳ ዳገት ናት። ከጊዮርጊስ ወደ ደጎል፣ ከደጎል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ቴዎድሮስ አደባባይና ጥቁር አንበሳ፤ በየትኛውም በኩል ቢሄዱ ወይ መውጣት ወይ መውረድ አለ። ከሰፈሮቿ አንዱ ስሙን ያገኘው ከድንጋይ ደረጃው ነው፤ ሰባ ደረጃ። ጤነኛው ሰው ደረጃውን እያለከለከም ቢሆን ይወጣዋል። በክራንች የሚሄድ ልጅ ግን ዙሪያውን ይዞራል። በዊልቸር ያለው ደግሞ የሚሸከመው ሰው እስኪያልፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ዛሬ ጎልማሳ ከሆኑት የአዲስ አበባ አካል ጉዳተኞች ብዙዎቹ እግራቸውን ያጡት በልጅነት ልምሻ፣ በፖሊዮ ነው። ቫይረሱ በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ይይዛል። ከያዛቸው 200 ልጆች አንዱን ያህል የማይመለስ ሽባነት ላይ ይጥላል። ማታ ትኩሳት ይዞት የተኛ ሕፃን ጠዋት ሲነሳ አንድ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ቤተሰቡ ቀድሞ ለትኩሳቱ መርፌ አስወግቶት ከሆነ ጥፋቱ ሁሉ በመርፌው ይላከካል፤ «መርፌ ነርቩን ነክቶት ነው» የሚለው አባባል በየግቢው እስከ ዛሬ አለ። ቀጥሎ ጠበል ነው፣ ወጌሻ ነው፣ ስለት ነው። ያ ሁሉ ካልሆነ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ የማይጠራ፣ ለበዓል አዲስ ልብስ ቢገዛለትም ከደጅ የማይወጣ ልጅ በብዙ ቤት ነበር። ጭካኔ ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል። እናቲቱ ግን የምትፈራው የጎረቤትን ዓይንና ምላስ ነበር፤ ፍርሃቷም ያለ ምክንያት አልነበረም።

መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው ደግሞ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል 40 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት የተወለዱ፣ ክትባቱ ያልደረሳቸው ልጆች አሁን አባትና እናት ሆነው በከተማዋ ውስጥ በክራንች ይሄዳሉ።

ከጓዳ መውጫው አንዱ በር መናገሻ ነበር። እንግሊዛዊው የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሌናርድ ቼሻየር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀመረው የበጎ አድራጎት ሥራ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገባና ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሆለታ መንገድ፣ መናገሻ ላይ የልጆች ማገገሚያ ከፈተ። የከተማው ወላጅ ልጁን እዚያ ትቶ ይመለሳል። ልጁ ወራት ይቆይና እግሩ ላይ ብረት ታስሮለት፣ ብረቱ ከጫማው ጋር ተበይዶለት፣ ክራንች ይዞ ቆሞ ይመጣል። ቆሞ መምጣቱ ለሰፈሩ ተአምር ነበር። ችግሩ ልጅ ያድጋል፣ ብረቱ አያድግም። ዓመት ሳይሞላ ያጥረዋል፤ ጫማው ያልቃል፤ ማሰሪያው ቆዳ ይበጠሳል። ማስጠገኛው ሩቅ፣ ትራንስፖርቱ ውድ ሲሆን ብዙ ልጅ ብረቱን አልጋ ሥር ወርውሮ በአንድ ክራንችና በጉልበቱ ላይ በሚጭነው እጁ መሄድ ይጀምራል። ያ አካሄድ ወገብን ያጣምማል፣ ትከሻን ይጨርሳል። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የሚያሰቃየው ሕመም ከልምሻው ብቻ ሳይሆን ከዚያ አካሄድም የመጣ ነው።

ዛሬ የሚወለዱት የተሻለ ዕድል አላቸው። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን በጊዜ ከተወሰደ እግሩ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ቀስ በቀስ ይቀናል፤ ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጥቂቱን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና ይታወቃል። የቀረው ሥራ ወላጁ በወራት ውስጥ ወደ ሐኪም እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ያ ደግሞ ከጄሶው ይከብዳል።

በክራንች ወደሚሄደው የፒያሳ፣ የአራዳ ልጅ ልመለስ። ከአገሩ ሌሎች ልጆች የተለየው በአንድ ነገር ነበር፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ቅርቡ መሆኑ። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ ሁለት መታጠፊያ ነው። ዳቦ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሲኒማው ሁሉ በክራንች የሚደረስበት ነው። ዶሮ ማነቂያም ሆነ ሠራተኛ ሰፈር የቀበሌ ቤቶች አንድ ላይ የተጠጋጉ፣ በር ለበር የተያዩ ነበሩ። ዝናብ ሲመጣ የሚያዝለው የጎረቤት ልጅ አለ። መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ይቆሽሻል፣ ለክራንች ያዳልጣል፤ በዚህ በኩል ያን ኑሮ ማሳመር ውሸት ነው። መሬት ላይ ያለ ቤት፣ መሬት ላይ ያለ ሱቅና የሚያውቁት ሰው ሲደመሩ ግን የትኛውም መሥሪያ ቤት ያላቀደውን ነፃነት ሰጥተውታል።

ትምህርቱም በዚያው ነበር። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እዚሁ አራዳ ውስጥ ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ ናት። ከሻሸመኔ የካቶሊክ ዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት መጥታ፣ ምኒልክ ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ ተማረች፤ ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ባለሙያ ሆነች። የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ በ2010 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ዓይነ ስውርነቷ በልጅነት ከመዳር እንዳዳናት ራሷ ደጋግማ ተናግራለች፤ ለጋብቻ አትሆንም የተባለች ልጅ ለትምህርት ተረፈች ማለት ነው። በዚህ ውስጥ ያለው ምሬት ከሽልማቱ ዜና ጋር አብሮ አይነገርም።

ጋዜጠኞች እንዲህ ያለ ሰው እንወዳለን። ታምሩ ዘገየ በክራንች ላይ ተገልብጦ፣ እግሩን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ 100 ሜትር በ57 ሰከንድ ሲጨርስ በዓለም የድንቃድንቅ መዝገብ ገብቷል። ወንድዬ ፍቅሬ በ2004ቱ የለንደን ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ብር አምጥቷል። ይገባቸዋል፤ ጭብጨባው ግን ከሌላ ጥያቄ ያሸሻል። ፒያሳ መሐል ሎተሪ የሚያዞረው፣ የሰዓት ባትሪ የሚቀይረው፣ ሊስትሮ ሳጥኑን ይዞ የተቀመጠው አካል ጉዳተኛ ለምን እዚያው ሠላሳ ዓመት ቆየ?

ሎተሪ ለብዙዎች የመጀመሪያ ደመወዝ ነበረች። መነሻ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ መቀመጫ እንጂ እግር አይጠይቅም፣ ኮሚሽኑ በዕለቱ ይቆጠራል። በባለ ሦስት እግር ብስክሌት፣ ፔዳሉን በእጁ እየዘወረ የሚመጣው ሎተሪ ሻጭ የፒያሳ መልክ ሆኖ ኖሯል። ቸርችልን ሲወርድ ፍሬኑን፣ ሲወጣ የሚገፋ ልጅ ጉልበት ይዞ ነው። በዚያች ኮሚሽን ትዳር የያዙ፣ ልጅ ያስመረቁ አሉ። ያም ሆኖ ብዙዎች ሎተሪን የመረጡት ሌላው በር ስለተዘጋባቸው ነው።

በሩን እንዲከፍት የወጣ ሕግ አለ። በ1986 የወጣውን አዋጅ ተክቶ የመጣው የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል፤ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። አድልዎ ደረሰብኝ ያለ ሰው ክስ ሲያቀርብም የማስረዳት ሸክሙን ወደ አሠሪው ያዞራል፤ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ለመክሰስ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ መውጣት፣ ጠበቃ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ መድረስ ያስፈልጋል።

በዓመቱ የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ይህንኑ ይመለከታል። አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ መግቢያ ሊኖረው ይገባል ይላል። መጸዳጃም እንዲሁ። በ2002 ደግሞ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀበለች። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። ወረቀቱ ሙሉ ነው።

ግን ከፒያሳ ባንኮችና የገበያ ማዕከላት በር ላይ ቆመው ይመልከቱ። ራምፕ የሌለው አለ። ያለውም ብዙ ጊዜ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንዲታይ የተሠራ ነው፤ ወጣት ገፍቶት እንኳ የማይወጣ ቁልቁለት፣ መጨረሻው ላይ አንድ እርከን የቀረው፣ ወይም የጥበቃው ወንበርና የአበባ ማሰሮ የቆመበት። የመሐንዲሱ ፊርማ ግን በፕላኑ ላይ አለ። ቁጥሩም ለዚህ ቸልተኝነት ሰበብ ሆኗል። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከ100 ሰው 1 ያህል ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ባወጡት ሪፖርት የኢትዮጵያ ግምት 17.6 በመቶ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከአጠያየቅ ነው፤ «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ቆጣሪ ጓዳ ውስጥ ያለውን ልጅ ማን ይነግረዋል?

ትራንስፖርቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነው። በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ዊልቸር ይዞ መሳፈር ከረዳቱ ጋር ድርድር ነው፤ የሁለት ሰው ሒሳብ የሚጠየቅ አለ፣ እያየው ጥሎት የሚሄድም አለ። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ወለሉ ከመድረኩ እኩል መሆኑ ትልቅ ነገር ነበር። ወደ መድረኩ የሚያደርሰው አሳንሰር ቆሞ ሲገኝ ግን ያ ወለል ምንም አይጠቅም።

ዊልቸሩ ራሱም ሌላ ጣጣ አለው። በልገሳ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለሌላ ሰው ቁመትና ለሌላ አገር መንገድ የተሠራ ነው። ያገለገሉ ዊልቸሮችን ከስዊዘርላንድ አምጥቶ በተጠቃሚው ልክ የሚያድሰው አዲስ ጉዞ የተባለው ድርጅት ሥራ የሚመሰገነው ለዚህ ነው፤ ልክ ያልሆነ ወንበር ጀርባን ያቆስላል።

አሁን ወደ አዲሱ ፒያሳ እንምጣ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ተመረቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን፣ ሠራተኛ ሰፈርንና ሌሎች አሮጌ ሰፈሮችን ማፍረስ ጀመረ። የእግረኛው መንገድ ሰፋ፤ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ በየሜትሩ የሚደነቅፈው ጠርዝ ብዙ ቦታ ተስተካከለ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ከጊዮርጊስ እስከ ደጎል ያለ ገፊ መሄድ መቻሉን እኔ በግሌ በዘመኔ ከታዩት ጥሩ ነገሮች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ይህን የሚያጣጥል ሰው በክራንች የኮብልስቶን ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም።

መንገዱ ሲስተካከል ግን መንገዱን የሚፈልገው ሰው ተነሳ። የቀበሌ ቤት ነዋሪዎቹ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳር ሰፈሮች፣ ወደ ምትክ ቤትና ወደ ኮንዶሚኒየም ተበተኑ። ኮንዶሚኒየም ሲባል ብዙው አሳንሰር የሌለው ባለ አራት ፎቅ ነው። በዕጣው ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ድርሻ መመደቡ በጎ ነው፤ አሳንሰር በሌለበት ግን ምድር ቤት ካልደረሰው ሰውየው ያገኘው በቀን አንዴ የሚወርድበትን እስር ነው። ሎተሪ ለመሸጥ ፒያሳ መምጣት ድሮ አሥር ደቂቃ የክራንች መንገድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሚኒባስና የረዳቱ በጎ ፈቃድ ነው። ዝናብ ሲመጣ የሚያዝለው የጎረቤት ልጅም ሌላ ሳይት ደርሶታል። ያረጀው ቤት ይፍረስ፣ አይፍረስ የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ አንዳንዱ ቤት መፍረስ ነበረበት። የማያሻማው ነገር አካል ጉዳተኛውን ያስቻለው ግድግዳው ሳይሆን ቅርበቱ መሆኑ ነው፤ ካሳው ሲሰላ ደግሞ የተለካው ግድግዳው ብቻ ነው።

በፈረሱት ሰፈሮች ቦታ አዳዲስ ሕንፃዎች ይቆማሉ። በሕንፃ አዋጁ መሠረት የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ደግሞ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ነው። እንግዲህ ለአራዳ የሕንፃ ሹም የምንለው ይህ ነው፦ ፈቃዱን ከመፈረምዎ በፊት ዊልቸር የሚጠቀም አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ እሱ ያለ ተሸካሚ ካልገባበትና መጸዳጃውን ካልተጠቀመበት፣ ፕላኑ ምንም ቢል፣ አይፈርሙ። ምትክ ቤት ለሚያድለው ክፍል ደግሞ፦ ከፒያሳ ለተነሳ አካል ጉዳተኛ ምድር ቤት በዕጣ የሚገኝ አይሁን፤ በስሙ ይሰጠው።