የወጨፎ ጠመንጃ ዋጋው በምን ይታወቃል?

አሮጌ መሣሪያ ሁሉ በዕድሜው ብቻ ውድ የሚሆን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የጥንት ጠመንጃ የሚሰበስቡ አዋቂዎች አስቀድመው የሚጠይቁት፣ በማን ፋብሪካ እንደ ተሠራና ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ ምን ያህል እንደ ለወጠው ነው።

በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የተመሠረተችው ሞያሌ ብዙ ጦር ያየች ከተማ ናት። በ1897 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ቦረና አገር ወረደ፤ በሐምሌ 1940 የኢጣልያ ጦር በሞያሌ የነበረውን የእንግሊዝ ምሽግ ከቦ ያዘ፤ በየካቲት 1941 ግን ከተማዋን ለቀቀ። እንዲህ ባለ ስፍራ ከአያት የቀረ ወጨፎ በቤት ቢገኝ አያስደንቅም። ባለቤቱም «ይህ የስዊስ ሥራ ነውና ብዙ ገንዘብ ያወጣል» ቢል፣ ከመደሰቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ።

ጠመንጃውን የፈለሰፈው በ1822 በስዊስ አገር በቱርጋው ግዛት የተወለደው ፍሪድሪክ ፌተርሊ ነው። የምኒልክ አማካሪ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም የዚያው ግዛት ልጅ ነበረ። የስዊሱ ጠመንጃ በበርሜሉ ሥር በተዘረጋ ቧንቧ 11 ያህል ጥይት ይይዛል። ኢጣልያ ግን በ1870 ሥራውን ተቀብላ በብሬሻ፣ በቴርኒና በሌሎችም ፋብሪካዎቿ ያሠራችው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን ነበረ፤ ከ1887 ጀምሮ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። በውጫሌ ውል ዘመን ወደ ምኒልክ እጅ የገባው፣ በ1896ም በዓድዋ በኢጣልያ ላይ የተተኮሰው ይኸው የኢጣልያው ነው። ስለዚህ በአገራችን ወጨፎ የሚባለው በአብዛኛው አሳቡ የስዊስ፣ ሥራው የኢጣልያ ነው፤ የኢጣልያውን በስዊስ ስም መሸጥም ገዢን ማታለል ነው።

እንግዲህ ምርመራው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ጠመንጃው የመንግሥት ፈቃድ ያለው መሆኑ ይረጋገጥ፤ ቀጥሎም በቧንቧው ወይም በካዝናው ጥይት አለመቅረቱ ይታይ። ከዚያ በበርሜሉ ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ ስምና ዓመት ይነበብ፤ የስዊሱ በመስቀል ምልክት ይታወቃል። የመቀርቀሪያውና የበርሜሉ ቁጥር አንድ ከሆነ፣ ክፍሎቹ ከመነሻው አብረው የኖሩ ለመሆናቸው ማስረጃ ነው። በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሲመለከቱ፣ በውስጡ የተጠመዘዘው ቦይ ጥርት ብሎ ከታየ መልካም፤ ዝገት ቦርቡሮት ከሆነ ግን ዋጋው ይወድቃል። በሰደፉ ላይ ያለው ማኅተም ሳይፋቅ መገኘቱም ታላቅ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ስሕተት የሚሠራው ግን እዚህ ላይ ነው። ገዢ ይደሰት ብሎ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ያነጣል፤ እንጨቱንም ፍቆ በቫርኒሽ ይቀባል። በዚህም የመቶ ዓመት ምስክርነት በአንድ ቀን ይጠፋል። ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይበቃሉ።

ከሁሉ በላይ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከኢጣልያዎቹ ብዙዎቹ ለ6.5 ሚሊሜትር ጥይት ተለውጠዋል። አሮጌው መቀርቀሪያ ግን ለዚያ ኃይል የተሠራ አይደለምና፣ ዛሬ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መተኮስ ፊትንና ዓይንን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ጠመንጃው በዘመኑ የሚጠበቅበትን ተናግሯል። አሁን ከእርሱ የሚፈለገው ታሪኩን መመስከር ነው፤ ባለቤቱም ምስክሩን ሳይነካካ ቢጠብቀው ለገንዘቡም ለታሪኩም ይበጀዋል።